የመንዝ በግ ፀጉር ምንጣፍ በእጅ እንዴት ይሠራል? ከፀጉር ግዢ እስከ ዘርፍ ቋጠሮ

ይህ መመሪያ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በእንዝርት ተፈትሎ በእጅ የሚቋጠር የበግ ፀጉር ምንጣፍ ለመሥራት ነው። ከአልጋ አጠገብ ወይም ከሶፋ ፊት የሚነጠፍ መጠን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከዚህ የሚሰፋ አትጀምሩ፤ ስፋት በጨመረ ቁጥር ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ እኩል ወጥሮ ማቆየት ይከብዳል።

ፀጉሩን የምንመርጠው ከመንዝ ነው። በመሐል ሜዳና በአካባቢው ዝተትና ባና (የፀጉር ብርድ ልብሶች)፣ እንዲሁም በርኖስ (ካባ) ሲሠራበት የኖረው ፀጉር ሻካራ ነው። ገላ ላይ ቢኮሰኩስም ለሚረገጥ ነገር ግን ተመራጭ ነው፤ ለስላሳው ፀጉር እግር ሲመላለስበት ተኝቶ ይቀራል፣ ይሄኛው ተመልሶ ይቆማል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ዳለቻ በተፈጥሮው ስለሚገኝም ያለ ቀለም ብዙ ንድፍ ይወጣዋል። በእርድ ቢጫ ማድረግ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ የእርድ ቀለም መስኮት አጠገብ ቶሎ ይለቃል።

ከጅምሩ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። አብዛኛው የምንጣፍ ጉድለት የሚፈጠረው የመጀመሪያው ቋጠሮ ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ፀጉሩ ሲታጠብ፣ ሲፈተል፣ ድሩ ሲወጠር። የክፍያ በደልም የሚጀምረው እዚያው ነው። የሸማኔው ድካም በዓይን ይታያል፣ የፈታይዋ ግን በኪሎ ተመዝኖ ይቀራል። ስለዚህ ለፈትሉ ሰፊ ቦታ ሰጥተነዋል።

የሚያስፈልገው

ያልታጠበ የበግ ፀጉር 4 ኪሎ ተኩል። ለድር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በደንብ የተገመደ የጥጥ ክር 400 ሜትር፤ ለማግ፣ ማለትም ድሩን በአግድም ለሚያቋርጠው፣ ከዚያ ለስለስ ያለ የጥጥ ክር 300 ሜትር። 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ሞራሌ 6 ሜትር ተኩል፣ ብሎን ከነዳዶው፣ 4 የእንጨት ሽብልቅ። ጠንካራ ሹካ ወይም ጥርሱ ወፈር ያለ የብረት ማበጠሪያ፣ ስለታም መቀስ፣ ሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደብተር።

ድሩ ለምን ጥጥ ሆነ? በእጅ የተፈተለ ሻካራ ፀጉር ሲወጠር ይለጠጣል፣ ሹካው ሲመላለስበትም ይላላጥና ይበጠሳል። የጥጡን ክር ከመግዛታችሁ በፊት 5 ኪሎ የሚመዝን ነገር አንጠልጥሉበት። ከተለጠጠ ወይም ግመዱ ከተፈታ ሌላ ፈልጉ።

ፀጉሩን መግዛትና መለየት

የመንዝ በግ ትንሽ ስለሆነ የሚፈለገው መጠን የሚሞላው ከበርካታ በጎች ነው። ስትገዙ ከሆድ፣ ከእግርና ከጭራ አካባቢ የተሸለተውን ለይታችሁ አስቀሩ፤ አጭርና ቆሻሻ ነው። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ያዙ። በመካከሉ ደረቅ፣ ወፍራምና ሲታጠፍ የሚሰበር ነጭ ፀጉር ይገኛል። ይህ ግመድ አይዝም፤ ካልተለቀመ ምንጣፉ ላይ ተነጥፎም ለወራት ሲረግፍ ይኖራል።

በድንገት ከሞተ በግ የተወሰደ ፀጉር በፍጹም አትቀበሉ። አባ ሰንጋ በፀጉርና በቆዳ ይተላለፋል፣ አቧራው ሲሳብም ሳንባን ያጠቃል። ጤነኛ በግ መሆኑን ከባለቤቱ አረጋግጡ፤ ደረቅ ፀጉር የሚለቅሙና የሚያፍታቱ ሁሉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ሥራውም ከቤት ውጪ ይሁን።

ጊዜ አጥሯችሁ የተፈተለ ክር ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ፈትኑት። ሱፍ ክር ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው። ጥቂት ክር ሲቃጠል የፀጉር ሽታ ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈረከሰ የበግ ፀጉር ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ሌላው መንገድ በረኪና ነው፤ የበግ ፀጉር በረኪና ውስጥ ሲቆይ ሟሙቶ ይጠፋል፣ አክሪሊክ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ምንጣፉ ካለቀ በኋላም በረኪና ፈጽሞ መንካት የሌለበት ለዚህ ነው።

ማጠብ

የበግ ፀጉር ቅባት የሚቀልጠው ውሃው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። እኛ 60 ዲግሪ አካባቢ እንፈልጋለን። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በልኬት አድርጉት። በደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 በታች ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 91 ገደማ፣ አዲስ አበባ 92 ገደማ። ስለዚህ 6 ሊትር የፈላ ውሃ ከ4 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ስትቀላቅሉ 60 ይጠጋል። ባሕር አጠገብ ባለ ከተማ የምትሠሩ ግን እኩል በእኩል ቀላቅሉ።

ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ፀጉርና 3 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ ሳሙናውን በጥብጡ፣ ከዚያ ፀጉሩን ከላይ አስቀምጡና በእጅ ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ተዉት። አታማስሉት፣ አትሹት። ሙቀትና እሽት ሲገናኙ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጋገራል፣ የተጋገረ ፀጉር ደግሞ አይፈታም። ከ20 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የቀለጠው ቅባት ተመልሶ ፀጉሩ ላይ ይረጋል። አውጥታችሁ በግማሽ ሳሙና ድገሙት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳሙና በሌለበት ውሃ አለቅልቁ። ሁሉም ውሃ ሙቀቱ ተቀራራቢ ይሁን። ጨምቁ እንጂ አትጠምዝዙ፤ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ አድርቁ። የዱቄት ሳሙና ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፀጉሩን አድርቆ ተሰባሪ ያደርገዋል።

አራት ኪሎ ተኩሉ ታጥቦ 3 ኪሎ ያህል ይቀራል። ሲፍታታና ሲለቀም ጥቂት ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ፈትል እንፈልጋለን።

መፍተል፣ መለካት፣ መክፈል

የደረቀውን ፀጉር በእጅ አፍታቱት፣ ከዚያ በደጋን ንደፉት ወይም በማበጠሪያ አበጥሩትና ባዘቶ አድርጉት። በእንዝርት ነጠላ ፈትል ይፈተላል። ሁለት ነጠላዎች ደግሞ እንዝርቱ ከመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞረ አንድ ላይ ይገመዳሉ። በተመሳሳይ አቅጣጫ ከተገመደ ክሩ ይሸበለላል፣ ሲቆረጥም ጫፉ ይበታተናል። ግመዱን ለመፈተሽ አንድ ሜትር ክር ወስዳችሁ ሁለቱን ጫፎች በአንድ እጅ ያዙና መካከሉ ወደ ታች ይንጠልጠል። ጸጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ራሱን የሚጠመዝዝ ከሆነ የሁለቱ ግመድ አልተመጣጠነም።

አሁን መለኪያው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ላይ ክሩን በርዝመቱ ጠምጥሙ። አንድ ዙር 1 ሜትር ነው፣ 100 ዙር አንድ ጥቅል ይሆናል። አንድ ጥቅል ከ180 እስከ 220 ግራም ሊመዝን ይገባል። ከዚያ ከበለጠ ክሩ ወፍሯል፣ ቋጠሮው ድሩ ላይ አይበቃውም፤ ካነሰ ቀጥኗል፣ ምንጣፉ ይሳሳል። የሚያስፈልገው 12 ጥቅል ነው።

ለፈታይ የሚከፈለውም በዚህ ጥቅል ይሁን እንጂ በኪሎ አይሁን። በኪሎ የሚከፈላት ሴት ክሩን ባቀጠነችና ባስተካከለች ቁጥር ለአንድ ኪሎ የምታጠፋው ሰዓት ይጨምራል፣ ገቢዋ ግን አይጨምርም። ያወፈረችውና ያዥጎረጎረችው ትጠቀማለች። ከዚያ ገዢው ስለ ክሩ ጥራት ያማርራል፤ ጥራቱን ያበላሸው ግን የራሱ የክፍያ መንገድ ነው። የጥቅሉን ዋጋ ለማውጣት አንዲት የለመደች ፈታይ በተለመደ ፍጥነቷ አንድ ጥቅል ስትፈትልና ስትገምድ ሰዓት ያዙላት፤ ማፍታታቱንም ጨምሩ። ሰዓቱን በአካባቢው አንድ ሰው ቀን ውሎ በክብር በሚኖርበት የሰዓት ዋጋ አባዙት። ልክ ያልሆነ ጥቅል ቢመጣም ከፍላችሁ ተቀበሉ፤ ወፍራሙ ለጠርዝ መጠቅለያና ለትራስ ልብስ ይሆናል። ምን እንደጎደለው ግን ጥቅሉን ከሚዛን ጋር አሳይታችሁ ንገሩ።

ከተለካ በኋላ እያንዳንዱን ጥቅል ለብ ባለ ውሃ አርሱ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ላስቲክ አንጠልጥሉበትና ጥላ ላይ አድርቁ። ይህ ግመዱን ያረጋዋል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ጥቅሎች ጎን ለጎን አስቀምጡና በቀን ብርሃን እዩ። ከተለያዩ በጎች የመጡ ነጮች እኩል ነጭ አይሆኑም። ከሁለት ጥቅል እያፈራረቃችሁ ካልቋጠራችሁ ምንጣፉ ላይ በግልጽ የሚታይ አግድም መስመር ይወጣል።

ፍሬሙና ድሩ

ሁለት 170 ሴንቲ ሜትር ቋሚዎች፣ ሦስት 1 ሜትር ተሻጋሪዎች ቁረጡ። አንዱ ተሻጋሪ ከቋሚዎቹ ጫፍ በብሎን ይታሰራል፣ ሌላው ከታች ይታሰራል። ሦስተኛው ተንቀሳቃሽ ነው፤ ከታችኛው 130 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቋሚዎቹ ላይ በታሰሩ የእንጨት ማቆሚያዎች ላይ ያርፋል። በማቆሚያውና በተንቀሳቃሹ ተሻጋሪ መካከል ሽብልቅ ስትመቱ ተሻጋሪው ወደ ላይ ይገፋል፣ ድሩ ይወጠራል። ሽብልቁን በሁለቱም በኩል እኩል ምቱ።

ቀጭን እንጨት እንዳታመጡ። 244 የድር ክሮች እያንዳንዳቸው በ1 ኪሎ ቢወጠሩ ተሻጋሪው ላይ ወደ ሩብ ቶን የሚጠጋ ጭነት ያርፋል። ቀጭኑ መካከሉ ላይ ይጎብጥና የመሐል ድሮች ይላላሉ፤ ምንጣፉም መሐሉ ያብጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍም ሲደርቅ ስለሚጠመዘዝ አይሆንም።

የጥጡን ክር ከታችኛው ተሻጋሪ አስራችሁ ወደ ላይ ወደ ተንቀሳቃሹ ውሰዱ። በአንደኛው በፊት፣ በሌላኛው በኋላ እያሳለፋችሁ፣ ክሩ መሐል ላይ እየተሻገረ እንዲሄድ ጠምጥሙ። ተሻጋሪዎቹ ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ምልክት ካደረጋችሁ በእያንዳንዱ ምልክት መካከል 4 ድር ይገባል። በ60 ሴንቲ ሜትር 240፣ ለሁለቱ ጠርዞች ሁለት ሁለት ተጨማሪ፣ በድምሩ 244። አንድ ሰው ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይጠምጥመው። እጅ ሲለዋወጥ ውጥረቱም ይለወጣል። ስትጨርሱ መዳፋችሁን ከግራ ወደ ቀኝ ድሩ ላይ አሂዱ፤ የላላው ወዲያው ይታወቃችኋል።

ማግ የሚያልፍባቸው ሁለት ክፍተቶች ያስፈልጋሉ። አንዱን ለመክፈት ድሩን አንድ ዘሎ አንድ እየያዘ የሚያልፍ ጠፍጣፋ እንጨት አስገቡ። ለሁለተኛው ከእንጨቱ በስተጀርባ የቀሩትን 122 ድሮች እያንዳንዳቸውን በክር ቀለበት አስራችሁ ቀለበቶቹን ሁሉ አንድ ዱላ ላይ ሰብስቡ፤ ዱላው ሲሳብ እነሱ ወደ ፊት ይመጣሉ። ቀለበቶቹ እኩል ርዝመት ካልኖራቸው አንዳንድ ድር አይነሣም፣ ማጉም ሳይዘው ያልፋል። ከኋላ ሲታይ የሚንጠለጠል ክር ይህ ነው።

ንድፉ

በዚህ ምንጣፍ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ በወርድ 2፣ በቁመት 2 ቋጠሮ ይገባል። ስለዚህ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደብተር ላይ የምትሥሉት ንድፍ ከምንጣፉ ጋር እኩል መጠን አለው፤ አንድ ካሬ አንድ ቋጠሮ። ወረቀቶቹን ቀጥላችሁ 120 ካሬ በ180 ካሬ አድርጉ። ከ3 ቋጠሮ የቀጠነ መስመር ፀጉሩ ሲንሰራፋ ይጠፋል። ለዛሬ ቤት የሚስማማው ጥቂት ትልልቅ ቅርጽ፣ ሁለት ወይም ሦስት የተፈጥሮ ቀለም ነው። ዳለቻ መደብ ላይ ጥቁር ቅርጽ በጣም ያምራል። ነጩ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ከዳር ይልቅ መሐሉ ላይ ይሁን።

መቋጠር

ከታች ለዘርፍ የሚሆን 12 ሴንቲ ሜትር ድር ትታችሁ መጀመሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በማግ ብቻ ሸምኑና አጥብቃችሁ ምቱ። ቋጠሮዎቹ ወደ ዘርፉ እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ይህ ነው።

ከዚያ ቋጠሮው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድሮች ያዙ። ክሩን ከሁለቱም ፊት አጋድሙት። የግራውን ጫፍ በግራው ድር ዙሪያ ወደ ኋላ አዙሩና በሁለቱ ድሮች መካከል ወደ ፊት አውጡ። የቀኙንም በቀኙ ድር አዙራችሁ በዚያው መካከል አውጡት። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ እስከ ማጉ ድረስ ይውረድ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ። አንድ ቋጠሮ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይበላል። ሁለቱ ዳር ድሮች አይቋጠሩም፤ በወፍራሙ ክር በየረድፉ ይጠቀለላሉ።

አንድ ረድፍ 120 ቋጠሮ ነው። ካለቀ በኋላ ማግ ሁለት ጊዜ ይለፍ። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ፣ ሁለተኛው በሌላኛው ክፍተት፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ላላ ብሎ። ከዚያ በሹካ ከዳር ወደ መሐል ሳይሆን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው እየተጓዛችሁ እኩል ምቱ። የሁለተኛው ማግ መላላት ቀላል ነገር ይመስላል፣ የምንጣፉ ቅርጽ የሚወሰነው ግን በዚያ ነው። ማጉ በድሮቹ መካከል ሲገባና ሲወጣ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል። ካላገኘ ዳሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ምንጣፉም ወገቡ ይቀጥናል። በጣም ካላላችሁት ደግሞ ይሰፋል፣ ወለል ላይም ይሞገዳል።

በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ነገር ለኩ። ወርዱ 60 ይሁን፤ 59 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ረድፎች ፍቱ፣ ወደ ፊት አስተካክላለሁ ብሎ መቀጠል አያዋጣም። ረድፉ ደግሞ 20 ይሁን። 17 ብቻ ከሆነ ወይ ክሩ ወፍሯል ወይ ምታችሁ ደክሟል፤ በዚያ ከቀጠላችሁ 90 ሴንቲ ሜትሩ 106 ይሆናል፣ ክቡም እንቁላል ይሆናል፣ ክሩም ሳያልቅላችሁ አይቀርም።

ሥራው 21,600 ቋጠሮ ነው። የለመደ ሰው በደቂቃ 6፣ ጀማሪ 3 ያህል ይቋጥራል። መቀመጫው ሥራው ከፍ ባለ ቁጥር የሚነሣ ይሁን፤ እጅ ከትከሻ በላይ ሆኖ መሥራት ቶሎ ያሳምማል። ብርሃን ከጎን ይምጣ።

ከድሩ ማውረድና መጨረስ

ጫፍ ላይ ዳግም 3 ሴንቲ ሜትር በማግ ብቻ ሸምኑ። ሽብልቁን ቀስ ብላችሁ አላልታችሁ ድሩን ከላይና ከታች 12 ሴንቲ ሜትር ዘርፍ አስቀርታችሁ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትቁረጡ፤ በየ4 ድሩ እየቆረጣችሁ ወዲያው ከሽመናው ሥር አጥብቃችሁ ቋጥሩ።

ገጹን በመቀስ ወደ 12 ሚሊ ሜትር አስተካክሉ። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ቁራጭ በረድፎች መካከል እያቆማችሁ ከእሱ በላይ የቀረውን ቁረጡ፤ በዓይን ብቻ የተከረከመ ገጽ ጉድጓድ ይበዛበታል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ በቁመቱ ወደ ዘርፉ አቅጣጫ ውሃውን በእንጨት ገፍታችሁ አውጡ፣ አራቱም ማዕዘን ልክ መሆኑን በሜትር አይታችሁ ዘርግታችሁ አድርቁ። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይጣመማል።

ዋጋውን ማውጣት

ሥራውን የለመዱ ሰዎች ሠርተውታል ብለን ሰዓቱን እንቁጠር። መለየትና ማጠብ 8፣ ማፍታታትና መንደፍ 12፣ መፍተል 34፣ መግመድና መጠቅለል 10፣ ድር መወጠር 6፣ መቋጠር 60፣ ማግ ማሳለፍና መምታት 12፣ ማጠናቀቅ 8። ድምሩ 150 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 64ቱ ገና ድር ሳይወጠር ያለቁ ናቸው። የጨረሰውን ሰው ብቻ አይቶ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ከ10 ሰዓት 4ቱን ሳይከፍል ያልፋል ማለት ነው። የራሳችሁን ሰዎች ሰዓት ያዙና ቁጥሮቹን በእነሱ ተኩ፤ የጥሬ ዕቃውን፣ የቦታውንና የመሸጫውን ወጪ ከዚያ በላይ ጨምሩ። ገዢ ዋጋ ቢከራከር ዝርዝሩን አሳዩት። ቅናሽ ካስፈለገም ከመጠኑ ወይም ከንድፉ ይቀነስ፣ ከሰዓት ክፍያ አይነካ።

ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም። ፈትል በየቤቱ የሚሠራ በመሆኑ ማን እንደፈተለው የሚታወቀው ቤቱ ድረስ ሲኬድ ነው፤ በደላላ ብቻ የሚመጣ ክር ይህን አያሳይም። ውጭ አገር ሆናችሁ የሕንድ ወይም የኔፓል ምንጣፍ የምትገዙም ጀርባው ላይ የጉድዊቭ ምልክት ከነቁጥሩ መኖሩን ፈልጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ራግማርክ ተብሎ የተጀመረ፣ የሕፃናት ጉልበት አለመኖሩን የሚቆጣጠር ድርጅት ነው።

አያያዝ

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ፀጉር መርገፉ አያስደንግጥ፤ ሲቆረጥ የቀረው ነው። አንድ ቋጠሮ ከፍ ብሎ ከወጣ በመቀስ ከገጹ እኩል ቁረጡት እንጂ አትሳቡት። ሴራሚክ ወለል ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ ከሥሩ ይደረግ። በየሳምንቱ ጀርባውን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉ፤ የሚያጠፋው ከሥር የሚከማች አሸዋ ነው፣ ድሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ውሃ ወይም ቡና ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ አስመጡት፣ አትሹት። ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ነው፤ አልጋ ሥር የሚገባውን ጫፍ በየሦስት ወሩ አዙሩ፣ ጠጅ ሳር ወይም ሌላ ሽታ ቢጨመርም ፀሐይና መምታት ግን አይቅር። ጠቅልላችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ታጥቦ ፍጹም ደርቆ፣ ፀጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ድሩን ያሻግተዋል።